የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም
የባሕር ውኃ ገንዳን በቤት ውስጥ ስለ ማቋቋም

በምንኖርበት በአሜሪካ አገር የባሕር ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ መመልከት የብዙ ቤተ ሰብ ደስታ ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ልጆቻችን የባሕርን ፍጥረት በዐይናቸው አይተው ይማሩ ዘንድ አስበን አንድ ገንዳ ገዛን። ውኃውን ከጨው ጋራ ቀላቅለን ሞላነው፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ብርሌ ጥርት ብሎ ስላየነው ሁለት ዓሦች አምጥተን ጨመርንበት። በስድስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱ ጀመር፤ በስምንተኛው ቀን ጧት ሁለቱም ሞተው ተገኙ። ትንሹ ልጃችን እንባውን እየጠረገ፥ «አባዬ፥ ውኃው ንጹሕ አልነበረም እንዴ?» ሲል ጠየቀን። የሰው ልጆችን በትምህርት ቤት ስናስተምር የኖርን ስንሆን፥ ለገዛ ልጃችን የምንመልሰው አጣን። ይህን የምንጽፈው ያን ጊዜ ያልሰጠነውን መልስ ለመስጠት፥ ሌላውም ቤተ ሰብ እንደ እኛ እንዳይጸጸት ብለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የሚባል መርዝ ሳያቋርጥ ያወጣል፤ የምግቡ ትራፊና ዕዳሪውም ሲበሰብሱ ይህንኑ ይጨምራሉ። በሰፊው ባሕር መርዙ ተበትኖ ይጠፋል፤ በጠባብ ገንዳ ግን ዕለት ዕለት ይከማቻል። ጥቂቱ አሞኒያ በውኃ ውስጥ ቀለምም ሽታም የለውም። ከዚህም በላይ የባሕር ውኃ ጠባዩ ከሎሚ ጭማቂ የራቀ፥ ወደ አመድ ውኃ የሚያደላ ነውና፥ የአሞኒያ መርዝነት በእርሱ ውስጥ ይበረታል።

ይህን መርዝ የሚያጠፉት በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሩስያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1890 ገደማ በዙሪክ ከተማ ሳለ፥ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ረቂቃን ከአፈር ለይቶ አሳይቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋይ፥ በአሸዋና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ እንጂ አብዛኞቹ በውኃው ውስጥ አይንሳፈፉም። አረባባቸውም የዝግታ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እጥፍ ሲሆኑ፥ እነዚህ ብዙ ሰዓት፥ አንዳንዴም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ እኛ በሦስተኛው ቀን ዓሦቹን ስናስገባ፥ ቤቱ የሚጠርግ ሠራተኛ ገና አልነበረውም።

የባሕርን ፍጥረት በቤት የማኖር ምኞት አዲስ አይደለም። በ1846 በለንደን የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ካህን ሚስት የነበረችው አና ቲን፥ ዛጎል የሚሠሩ የባሕር ፍጥረታትን ከባሕር ዳር አምጥታ በቤቷ አኖረች። ውኃው ነፋስ እንዲያገኝ የቤቷ አገልጋይ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር። ዛሬ ይህን ድካም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ይፈጽመዋል፤ የባክቴሪያዎቹን ሥራ ግን የሚያፋጥን እንጂ ፈጽሞ የሚተካ መሣሪያ ለጀማሪ ቤት የለም።

በሁለተኛው ሙከራችን እንደሚከተለው አደረግን። ትንሽ ገንዳ ቶሎ ይለዋወጣልና 120 ሊትር የሚይዝ መረጥን። ውኃው ብቻውን ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጽኑ መቀመጫ አዘጋጀንለት። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ግን ወደ 40 ግራም ይደርሳል። የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንም፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ማግኒዚየም፥ ካልሲየምና ሌሎችም አሉና፥ ለዚሁ የተሰናዳ ጨው ይገዛል። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ ትተን በተጣራ ውኃ ተጠቀምን፤ ጨውንም በሌላ ዕቃ በጥብጠን አንድ ቀን ካሳደርን በኋላ በመለኪያ መርምረን ጨመርነው። ሙቀቱን 25 ዲግሪ አደረግን፤ ባክቴሪያዎቹ የሚያርፉበት ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይም ደረደርን።

ከዚያም ዓሣ ሳናስገባ፥ ሳሙናም ሽቶም የሌለበት አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ድረስ ጨመርን። አሞኒያ በልጆች እጅ መግባት የለበትምና ይህን አዋቂ ብቻ ይሥራው። አሞኒያ ያላገኘ ሰው በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ቢጨምር ሲበሰብስ ያው ይሆናል። ልጃችን በየሁለት ቀኑ ውኃውን በጠብታ መመርመሪያ እየመረመረ በደብተሩ ይጽፍ ነበር። በ11ኛው ቀን አሞኒያው መቀነስ፥ ናይትራይቱም መታየት ጀመረ። ለሁለት ሳምንት ያህል ናይትራይቱ ከፍ ብሎ ቆየ። በዚህ ጊዜ ነበር ልጁ፥ «አሁንስ አይበቃንም?» እያለ ይለምነን የነበረው፤ እኛም ውኃው ጠርቶ ሲያበራ እያየን እንደ ፊተኛው ልንቸኩል ጥቂት ቀርቶን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ የሞቱትን ዓሦች አስበን ታገሥን።

በ38ኛው ቀን 2 ሚሊግራም አሞኒያ ብንጨምር፥ በማግሥቱ አሞኒያውም ናይትራይቱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሥራው መፈጸም ምልክት ይህ ነው፤ ቀኑ ግን በየቤቱ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የተጠራቀመው ናይትሬት እንዲቀንስ የውኃውን እኩሌታ ለውጠን፥ በብርቱካን ቀለም ላይ ነጭ መታጠቂያ ያለባትን፥ በሰው ቤት ተፈልፍላ ያደገች አንዲት ትንሽ ዓሣ አስገባን። ሁለተኛዋን የጨመርነው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚበዙት በሚያገኙት ምግብ ልክ ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥበቃ ቀላል ነው። ውኃ በተነነ ጊዜ ጨው አብሮ አይወጣምና የጎደለው ጨው በሌለበት ውኃ ይሞላል። ምግቡ ጥቂት ይሁን፤ በየሳምንቱም ከውኃው አሥረኛው እጅ ይለወጥ።

ልጃችን ደብተሩን እስከ ዛሬ አስቀምጦታል። የመጀመሪያዪቱ ዓሣ አሁን አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እርሱም እንግዳ ሲመጣ ዓሣዪቱን ከማሳየቱ በፊት ደብተሩን ያሳያል። ወላጆች ሆይ፥ ምክራችን አጭር ነው፤ ገንዳውን በምትገዙበት ቀን ዓሣውን አትግዙ። መመርመሪያውን ግዙ፥ ለልጃችሁም አንድ ደብተር ስጡት።