በኮባ የተጠቀለለ ውሃ

ኮልፌ ቀራኒዮ ገበያ በኮባ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ለጋ ቅቤ የሚገዛ ሰው፣ ከሚከፍልበት ኪሎ አንድ ስድስተኛው ያህል ውሃ መሆኑን ላያስበው ይችላል። ውሃው አይንጠባጠብም፣ አይታይምም፤ ስቡ ውስጥ በደቃቅ ጠብታ ተበትኖ ተይዟል። አንዱ ፈሳሽ በሌላው ውስጥ ሳይሟሟ እንዲህ ሲሰራጭ ኢመልሽን ይባላል።

ውሃና ዘይት አይዋደዱም። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ዘይቱን ከመካከላቸው ይገፉታል። ቢመቱት ይበታተናል፤ መምታቱ ሲቆም ግን ጠብታዎቹ እየተገጣጠሙ ተመልሰው ይንሳፈፋሉ። መሃል የሚገባ ሽማግሌ ያስፈልጋል፦ አንድ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ስብን የሚወድ ነገር። ወተት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲንና ፎስፎሊፒድ ናቸው፤ እያንዳንዱን የስብ ጠብታ በስስ ሽፋን ያለብሱታል።

እንግዲህ ወተት ስብ በውሃ ውስጥ ነው፤ ቅቤ ደግሞ ውሃ በስብ ውስጥ። ይህን የሚገለብጠው መናጥ ነው፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። የረጋው ወተት በቅል ወይም በሸክላ መናጫ እስከ አፉ አይሞላም፤ ለአየር ቦታ ይተውለታል። ሲወዘወዝ ስቡ አረፋው ላይ ይሰበሰባል፣ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ጠብታዎቹም ይጣበቃሉ። በጣም ከቀዘቀዘ ስቡ ደርቆ አይያያዝም፤ ከሞቀም ቀልጦ ይበታተናል። የምትንጠው ሴት ድምፁ ሲለወጥ ታውቃለች፤ በመናጫው ቀዳዳ ሰንደዶ ሰዳ ቅቤው መውጣቱን ታያለች። ቅቤው ተለቅሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ አይብ ይሆናል።

በጾም ደግሞ ሱፍ አለ። ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል እንደ ወተት የሚነጣው፣ የፍሬው ዘይት በራሱ ፕሮቲን ተሸፍኖ ስለተበተነ ነው።

ቅቤ ሲነጠር ኢመልሽኑ ይፈርሳል። ድስቱ ውስጥ የሚንጣጣው የሚተነው ውሃ ነው፤ ድምፁ ሲበርድ ውሃው አልቋል፣ ፕሮቲኑም ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ጋር ታች ዘቅጧል። ባክቴሪያ ያለ ውሃ ስለማይራባ ንጥር ቅቤ ለወራት ይቆያል። ውሃ ተጨምሮበት የታሸ ቅቤም የሚጋለጠው እዚሁ ነው፦ ሲንጣጣ ይቆያል፣ ከእሳት ሲወርድም ገበያ ላይ ከተመዘነው እጅግ ያንሳል።