በቀቀኖቹን እናሳድጋቸው ወይስ ወደ ዋርካው እንመልሳቸው?

የሄድነው ስለ ዶሮ ልንጠይቅ ነበር። ከባሕር ዳር ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አርሶ አደር በጓሯቸው አርባ የሚሆኑ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ያረባሉ። የቀበሌዋ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ለሌሎች ምሳሌ ይሆናሉ ስላለችን ልምዳቸውን በዚህ ገጽ ልናቀርብ አስበን ነው የተጓዝነው። ግቢያቸው ስንደርስ ግን ዓይናችን ቀድሞ ያረፈው ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተንጠለጠለች የሽቦ ሳጥን ላይ ነበር። በውስጧ ላባቸው በከፊል የወጣ፣ ምንቃራቸው ቆልመም ያለ ሦስት ጫጩቶች ተጠጋግተው ተኝተዋል። የዶሮ ጫጩት አይደሉም፤ የበቀቀን ናቸው።

ያመጣቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ልጅ ነው። በዋዜማው አመሻሽ ላይ ከማሳው ዳር ካለው ዋርካ ላይ ወጥቶ፣ እጁን በግንዱ ቀዳዳ ሰድዶ አወጣቸው። ልጁ የሰው ቃል የሚደግም በቀቀን በስልክ አይቶ ልቡ ሸፍቷል፤ የእሱ ወፎችም አድገው ሰላምታ እንዲሰጡት ይመኛል። አባት ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩታል፤ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ ወፎቹ ላባ ሲያወጡ እገዛቸዋለሁ ብሎ ማለዳ በስልክ ቃል ገብቶላቸዋል። እናት ለግቢው ውበት ቢቀሩ አይጠሉም። አያትየው ግን ከነጋ ጀምሮ የወላድ አንጀት ማቃጠል ምን ይባላል እያሉ ያጉረመርማሉ።

ቤተሰቡ ያልተስማማበትን ጥያቄ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ አቀረቡላት። እሷም የዶሮ እንጂ የበቀቀን ሥልጠና አልወሰድኩም ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደወለችለት። እኛም የእንቁላሉን ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆይተን የዚህን ቤት ጥያቄ ይዘን ተመለስን። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ወፎቹን መለየት አላስቸገረም፤ እናትና አባታቸው ዋርካው ላይ እየተመላለሱ ይጮኹ ነበር። መላ አካላቸው አረንጓዴ፣ ምንቃራቸው ቀይ ነው። የወንዱ ግንባር በቀይ ቀለም የተነከረ ይመስላል፤ የሴቷ ግንባር አረንጓዴ ነው። ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። በሳይንስ ስሙ አጋፖርኒስ ታራንታ የሚባለው ይህ ትንሽ በቀቀን በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች ብቻ ነው። የጽድ፣ የዝግባና የኮሶ ዛፍ ባለበት ይኖራል፤ የጽድ ፍሬ፣ የዋርካና የሾላ ፍሬ ይመገባል። ሌሊቱንም ቢሆን የሚያሳልፈው በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ታላቅ ዘመዱ የሆነውና ራሱ ላይ ቢጫ ቀለም ያለው በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ጫካ የተዘዋወረ ሰው ሁለቱንም የማየት ዕድል አለው። ወፍ ለማየት ብለው ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ቱሪስቶች በመነጽር የሚፈልጓቸው እነዚህን ነው። እኛ ከሥራቸው ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ምሳችንን በልተን እንነሳለን።

ልጁ በስልክ ያየው ወፍ ግን ይህ አይደለም። ያ ግራጫ ላባና ቀይ ጅራት ያለው፣ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጥቅጥቅ ደኖች የሚኖረው ግራጫው በቀቀን ነው። የሰው ቃል በመቅዳት ከሁሉም የላቀ ዝና ያለው እሱ ነው፤ በአገራችን በዱር አይገኝም። በሰው እጅ ሲያዝ አርባ፣ አንዳንዴም ስልሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ለቤት እንስሳነት እየተያዘ በብዛት በመሸጡ ቁጥሩ ስለተመናመነ፣ ከጥር 2017 እ.አ.አ ጀምሮ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። የዋርካው ትንሽ በቀቀን ከመንጋው ጋር ሲጫጫ የሚውል እንጂ የሰው ቃል በመድገም የሚታወቅ አይደለም። ይህን ስንነግረው ልጁ ዝም ብሎ ሳጥኗን ተመለከተ። ያዘነ ይመስለኛል።

የአባትየው ጥያቄ ግን በዚህ አይመለስም። ወፍ ቢሸጥ ምን ነውር አለው? ዶሮም ይሸጣል።

ልዩነቱ ዶሮ የቤት እንስሳ፣ በቀቀን የዱር እንስሳ መሆኑ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መነገድ አይቻልም። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረውን ሳይተስ የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1989 እ.አ.አ ጀምሮ የተቀበለች አገር ናት፤ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር በቀቀኖች ሁሉ በዚህ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አሉ። ነጋዴው ለገበሬው የማይነግረው ይህን ነው። ዕቃው በመንገድ ላይ ቢያዝ የሚጠየቀው ገዢው ብቻ አይሆንም፤ ከየት አመጣኸው ሲባል የሚጠራው የአርሶ አደሩ ስም ነው።

ገበያው በራሱ ሰፊ መስሎ ይታይ እንጂ በሩ ጠቧል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1992 እ.አ.አ ጀምሮ የዱር በቀቀኖችን ማስገባትን አጥብቆ ገድቧል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የወፍ ጉንፋን ስጋትን ተከትሎ በ2005 እ.አ.አ ለጊዜው ያቆመውን የዱር ወፎች ግዢ ከ2007 እ.አ.አ ጀምሮ በቋሚነት ዘግቶታል። የሚቀረው የድብቅ ንግድ ነው። በዚያ ደግሞ በጠባብ ሳጥን ታጭቀው ከሚጓዙት ወፎች ብዙዎቹ ገዢ እጅ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ ኪሳራው መጨረሻ ላይ የሚወድቀው ወፉን ለያዘው ሰው በሚከፈለው ዋጋ ላይ ነው።

ሕጉን ትተን ወደ ዶሮ ቤቱ እንመለስ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው በስልክ የመጀመሪያ ጥያቄ ያደረገው ሳጥኗ የተንጠለጠለችበትን ቦታ ነው። ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ መሆኑን ሲሰማ ወዲያው እንድትነሳ አዘዘ። ምክንያቱ ፈንግል ነው።

ፈንግልን የማያውቅ ዶሮ አርቢ የለም። ዶሮዋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ቅዘን ታመጣለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ክትባት ባላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ቤቱን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ብዙ አርቢ የማያውቀው በቀቀኖች የበሽታውን ቫይረስ ተሸክመው፣ እነሱ ጤነኛ መስለው ለወራት በኩሳቸው ሊያሰራጩት መቻላቸውን ነው። በ1971 እ.አ.አ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ መነሻው ለቤት ጌጥነት ከውጭ የገቡ በቀቀኖችና መሰል ወፎች ነበሩ። እስኪቆም ድረስ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ አዕዋፍ ተወግደዋል፤ አብዛኞቹ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ናቸው። እነዚያ እርባታዎች የሠለጠነ የሰው ኃይልና በቂ ገንዘብ የነበራቸው ናቸው። አርባ ዶሮ ያለው የእኛ አርሶ አደር በሽታው አንድ ጊዜ ቢገባበት ከምን ይነሳል?

እነዚህ ሦስት ጫጩቶች ቫይረሱ አለባቸው ማለት አይደለም። ማወቅ የሚቻለው በላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ የታመመ ዶሮ በሽታውን ለበቀቀኖቹ ሊሰጥ፣ ከዚያም አምልጠው ወደ ዱር ቢወጡ ለሌሎች ሊያዛምቱ ይችላሉ። አባወራው የዶሮዎቻቸው የፈንግል ክትባት መቼ እንደተሰጠ ሲጠየቁ ጥቂት አሰቡ። የመጀመሪያውን ዙር በጊዜው አስከትበዋል፤ ድጋሚው ግን በሥራ ብዛት አልፏቸዋል።

ለሰውም የሚተርፍ በሽታ አለ። በቀቀኖች የሚያስተላልፉት አንድ ባክቴሪያ የደረቀው ኩስ ብናኝ ሲሆን በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል። በ1929 እና በ1930 እ.አ.አ ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ በተጫኑ በቀቀኖች ምክንያት በአሜሪካና በአውሮፓ በርካታ ሰዎች ታመው ሞተዋል። ዛሬ በጤና ተቋም በሚታዘዝ መድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ቤቴ ወፍ አለ ብሎ ካልተናገረ ሐኪሙ በቀላሉ አይጠረጥረውም።

ስለ አያያዙም እናንሳ፤ ብዙ ሰው ወፍ ማሳደግ ጥሬ መበተን ይመስለዋል። ልጁ ማታ ለጫጩቶቹ የሰጣቸው ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ ነው፤ በፍቅር ያደረገው ነው። ወፍ ግን ወተትን የሚያዋህድ አቅም የለውም። ጥሬ ብቻ የሚበላ በቀቀን በቪታሚን ኤ እጥረት ይጎዳል። በአካባቢው በየጓሮው የሚበቅለው አቮካዶ ለሰው ምግብ፣ ለበቀቀን መርዝ ነው። ቡናና ጨው የበዛበት ምግብም እንዲሁ ይጎዳዋል። በርበሬ ግን ምንም አይለውም፤ የወፎች ምላስ የበርበሬን ማቃጠል አይሰማውም። ከሁሉ የከፋው ጭሱ ነው። የወፍ ሳንባ ከሰው ይልቅ ለጭስ ስስ ስለሆነ፣ ማገዶ በሚነድበት፣ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ቤት ውስጥ በሳጥን ተዘግቶ መኖር ለበቀቀን ቀስ ብሎ መታፈን ነው። ብርድ ፈርተው ማታ ማጀት ያስገቧቸው እናት ይህን ሲሰሙ ደነገጡ።

ብቸኝነቱም አለ። በቀቀን የመንጋ ወፍ ነው፤ ብቻውን ሲቀር የራሱን ላባ እየነጨ ደረቱን የሚያራቁትበት ጊዜ አለ።

አንዳንድ አርሶ አደሮች ወፍ መቀነሱ ለሰብል ይበጃል የሚል አስተያየት ሰጥተውናል። ማሽላ ላይ የግሪሳን ጥፋት ላየ ሰው ይህ አይደንቅም። የዋርካው በቀቀን ግን በጥቂት ቁጥር የሚንቀሳቀስ የዱር ፍሬ በሊታ እንጂ ግሪሳ አይደለም። ለሰብል የሚያሰጋውስ ይልቁንም ለጌጥ ተይዞ የሚያመልጠው ነው። አንገቱ ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ያለው ባለ ረጅም ጅራት በቀቀን ከሰው እጅ አምልጦ በለንደንና በብራሰልስ ከተሞች ሳይቀር ተራብቷል፤ በሕንድ የበቆሎ፣ የማሽላና የሱፍ ማሳ የሚያጠቃ ተባይ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣን ወፍ ገዝቶ ግቢ ማስገባት ለጎረቤት ማሳም የሚተርፍ ጣጣ ሊኖረው ይችላል።

ለወረዳ አመራሮች አንድ ነገር ብናስታውስ ደስ ይለናል። በቀቀን የዛፍ ቀዳዳ ከሌለ አይራባም፤ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ያረጀ ዛፍ ነው። በችግኝ ተከላ ብዙ እንደክማለን፣ ያስመሰግናልም። ይሁንና ዘንድሮ የተተከለ ጽድ ወፍ የሚያሳድር ቀዳዳ እስኪኖረው ድረስ ትውልድ ያልፋል። አርጅቷል ተብሎ ለማገዶ የሚቆረጠው የማሳ ዳር ዋርካ በሪፖርት ላይ የማይታይ ሀብት ነው፤ ቆረጣ ሲፈቀድ ግንዱን ቀና ብሎ ማየት ወጪ የለውም።

እኩለ ቀን ላይ ከሦስቱ ጫጩቶች ትንሹ ሞተ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ክርክር አልነበረም። ባለሙያው እንደመከረው ቀዳዳው ስላልተበላሸና ወላጆቹ አካባቢውን ስላልለቀቁ የቀሩትን ሁለቱን በፍጥነት መመለስ ይቻላል፤ የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናት አትቀበልም የሚባለው ተረት ነው። አባት መሰላል ያዙ፣ ልጁ ጫጩቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ሁላችንም ራቅ ብለን ከጎተራው ጀርባ ተቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግንባሯ አረንጓዴ የሆነው ወፍ ከቅርንጫፉ ወርዳ ቀዳዳው አፍ ላይ ተንጠለጠለች፤ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችና ገባች።

አባወራው ለነጋዴው በዚያው ደውለው ወፍ የለም አሉት። የሽቦ ሳጥኗ ታጥባ ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች። የዶሮዎቹ ድጋሚ ክትባት ለሐሙስ ተቀጥሯል፤ ስለ እንቁላሉ የጀመርነውንም ጥያቄ ያን ዕለት እንጨርሳለን።