ለደጋው እርከን ማን ይክፈል?

ከአርባ ምንጭ በጋሞ ደጋ እስካለችው ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የሐይቆቹ ሜዳ ተነስቶ እስከ 2,700 ሜትር ይወጣል። መኪና እያቃሰተ የሚወጣውን ዳገት ውሃ በሰዓታት ውስጥ ይወርደዋል። ሚያዝያና ግንቦት፣ ቀጥሎም መስከረምና ጥቅምት ላይ ደጋው ዶፍ ሲጥል የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ፣ የሐሬ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ አፈር ተሸክመው ይጎርፋሉ። ቆላው ጠብታ ሳያይ ማሳው በውሃ ሊዋጥ ይችላል።

አዲስ አበባ የምትበላው ሙዝ ብዙው የሚበቅለው በዚህ ሜዳ ነው። በቆሎ ጎርፍ ቢወስደው የጠፋው የአንድ ወቅት ምርት ነው፤ ገበሬው ዘር ካገኘ በሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይዘራል። ሙዝ ግን ቋሚ ሀብት ነው። ሥሩ ለቀናት ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ አዲስ የተተከለው ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በጫኖና በቆላ ሻራ ሙዝ በየጊዜው እየተቆረጠ ስለሚሸጥ ለቤቱ እንደ ወር ደመወዝ ነው። ጎርፍ ማሳውን ሲወስድ ላሚቱን ከነወተቷ ወሰደ ማለት ነው።

መፍትሔ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ካብ (ጋቢዮን) እና የአፈር ክትር ነው። የአርባ ምንጭን ሲቀላ ሰፈር የመሰለ ሰው የሰፈረበት ቦታ ያለ እነሱ አይሆንለትም። ይሁንና ወንዙ ደለል ስለሚያመጣ ወለሉ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ ዘንድሮ የበቃው ክትር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያጥራል። ክትር አንዴ ተከፍሎለት የሚያልቅ ወጪ አይደለም፤ እየታደሰ የሚሄድ ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚያሳድገው ከላይ የሚታጠበው አፈር ነው። የአባያን ቀይ ቡናማ ውሃ ያየ ሁሉ ያንን አፈር አይቶታል።

አፈሩን እዚያው ላይ ማስቀረት የማን ሥራ ነው? የጋሞ ደጋ ሰው እርከንን ከዘመቻ አልተማረም። የድንጋይ ካቡ፣ የእንሰት ጓሮውና በባህሉ የሚጠብቃቸው ደኖች የቆዩ ናቸው። ዛሬ ግን ማሳው በውርስ እየተከፋፈለ ጠቧል፤ ካብ ይክብ ከነበረው ወጣትም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማ የሚሠራው ብዙ ነው። በየበጋው በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ገበሬው ጉልበቱን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ተዳፋቱ ለእሱም ያሰጋዋል፤ በጎረቤት ጎፋ ዞን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቢሆንም በእርከኑ ከሚገኘው ጥቅም ብዙው የሚደርሰው ከታች ላለው ሙዝ አልሚ ነው። አንዱ ደክሞበት ሌላው የሚጠቀምበት ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው ያንሳል። በእኔ እምነት የአርባ ምንጭ ጎርፍ ዋናው የኢኮኖሚ ጉዳይ ይህ ነው።

ከታች ያለው ተጠቃሚ ከላይ ላለው እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል፤ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የውሃ ፈንድ አቋቁማለች። የከተማዋ የውሃ ድርጅት ከገቢው 2 በመቶውን ምንጮቹ ያሉበትን ተራራ ለመጠበቅ ይሰጣል። አርባ ምንጭም ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት። በየቀኑ በጭነት መኪና ከሚወጣው ሙዝ ላይ በኩንታል ጥቂት ብር ቢቀመጥ፣ ከከተማው የውሃ ክፍያም ትንሽ ቢታከልበት፣ ለደጋው ገበሬ የሚከፈል ገንዘብ ይገኛል። ከተማዋ የምትጠጣቸው ምንጮችም ቢሆኑ የሚሞሉት ከደጋው በሚሰርገው ዝናብ ነው። ሸክሙ ግን በሙዝ ገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ ነጋዴው ድርሻውን ይክፈል። ክፍያውም በተካበው ሜትር አይታሰብ፤ ከክረምት በኋላ ቆሞ በተገኘው እርከን ይታሰብ። ያለበለዚያ ለሪፖርት የተካበ ድንጋይ እንገዛለን። በጨንቻ የተለመደው አፕል ደግሞ አፈሩን እየያዘ ለባለቤቱ ገቢ ስለሚሰጥ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ ለችግኝ ቢውል ያዋጣል።

የዞኑና የወረዳዎቹ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የደጋው እርከን እንደ መንገዱና እንደ ትምህርት ቤቱ በዚያ በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ይሰጠው።