ራስን የሚያዞረው ምንድን ነው?

ማዞር ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ እንደ ትኩሳት ሁሉ ከብዙ ልዩ ልዩ ሕመሞች ጋር የሚመጣ ምልክት ነው። መነሻው ጆሮ፣ አንጎል፣ ልብ፣ የደም ዝውውር ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ራሱን ያዞረው ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ደም ማነስን ወይም ግፊትን ነው፤ ሁለቱም ሊያዞሩ መቻላቸው እውነት ነው። ቤቱ ሲሽከረከር፣ አልጋው የሚገለበጥ ሲመስል ግን ምክንያቱ በብዛት የሚገኘው በውስጠኛው ጆሮ ነው። ይህን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ በአንድ ቀጠሮ ሊድን የሚችል ችግር ይዘው ለወራት የሚንከራተቱ ሕሙማን አሉ።

ሰው ሳይወድቅ የሚቆመውና የሚራመደው ከሦስት ወገን የሚመጣ መረጃ ሲስማማለት ነው። ዓይን የአካባቢውን አቀማመጥ ያያል፤ የእግር ጡንቻ፣ መገጣጠሚያና የውስጥ እግር ቆዳ የተረገጠውን መሬት ሁኔታ ያስታውቃሉ፤ ውስጠኛው ጆሮ ደግሞ የራስን እንቅስቃሴ ይለካል። ሁሉም መልእክት በአንጎል ግንድና በትንሹ አንጎል ይገናኛል። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ከመስሚያው ክፍል ጎን፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ቱቦው አብሮ ይዞራል፣ ፈሳሹ ግን ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህ መዘግየት ደቃቅ ጸጉር ያላቸውን የስሜት ሴሎች ያጎብጣቸውና ለአንጎል መልእክት ይልካሉ። ከቱቦዎቹ ሥር ያሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች የመሬትን ስበትና ቀጥተኛ እንቅስቃሴን፣ ለምሳሌ የአሳንሰርን መውጣትና መውረድ፣ ይለያሉ። ይህን የሚያደርጉት በላያቸው በተጣበቁት የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ጠጠሮች ክብደት ነው።

ቀኝና ግራ ጆሮ እኩል መልእክት ሲልኩ አንጎል ራስ እንዳልተንቀሳቀሰ ይረዳል። አንደኛው ሲደክም ወይም ያለቦታው ሲነቃቃ ግን ጸጥ ብሎ የተኛ ሰው እንኳ የሚሽከረከር ይመስለዋል። ውስጠኛው ጆሮ ከዓይን ጡንቻዎች ጋርም በነርቭ የተሳሰረ ነው። ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በዚያው ፍጥነት ወደ ግራ ይዞራል፤ እየተራመዱ የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ የሚቻለው በዚህ ነው። ሐኪም የጆሮን ችግር ለማወቅ ዓይንን አተኩሮ የሚመለከተውም ለዚሁ ነው።

ከጆሮ ከሚነሱት የማዞር ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው ከእነዚያ ጠጠሮች የሚመጣው ነው። ጠጠሮቹ በዕድሜ መግፋት፣ ራስ በመመታት ወይም ይህ ነው በማይባል ምክንያት ከቦታቸው ተላቀው ወደ አንዱ ቱቦ፣ በአብዛኛው ወደ ኋለኛው፣ ይገባሉ። ራስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በቱቦው ውስጥ እየተንከባለሉ ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም የሌለ ሽክርክሪት ይነገረዋል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ፣ ከመኝታ ሲነሱ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ሲያንጋጥጡ፣ ጸጉር ቤት ራስን ወደ ኋላ ጥለው ሲታጠቡ ወይም ለስግደት ሲያጎነብሱ ዓለም በድንገት ይዞራል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላም ይቆማል። ጆሮ መስማቱን አይቀንስም። ሕመሙ ለሕይወት አያሰጋም፤ አረጋዊን ጥሎ የዳሌ አጥንት ሲሰብር ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ይህን ሕመም በ1921 የገለጸው ሮበርት ባራኒ ነው። ባራኒ በቪየና የጆሮ ሐኪም ሳለ፣ የሕሙማንን ጆሮ በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥብ ዓይናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሞቀ ውሃ ሲያጥብ ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንደሚወራጭ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱን ጆሮ ለብቻው መመርመሪያ ዘዴ አወጣ፤ የ1914 የሕክምና ኖቤል ሽልማትም ተሰጠው። ዜናው ሲወጣ እርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በሩሲያ የምርኮኞች ሰፈር ነበር፤ የተፈታው በ1916 ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ 30 እና 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ፣ ማለትም ከሰውነት ሙቀት በ7 ዲግሪ የቀዘቀዘና በ7 ዲግሪ የሞቀ፣ በየተራ ወደ ጆሮ ይገባና የዓይን ምላሽ ይለካል።

ሕሙማን ስሜታቸውን ሲገልጹ ቃል ይለዋውጣሉ፤ ዛሬ “ዞረብኝ” ያለ ሰው ነገ “ተንገዳገድኩ” ወይም “ብዥ አለብኝ” ይላል። የማይለዋወጠው የቆየበት ጊዜና ያስነሣው ነገር ነው። ሰከንዶች የሚቆይና በራስ እንቅስቃሴ የሚነሣ ከሆነ ጠጠሮቹ ይጠረጠራሉ። ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት እየቆየ የሚመላለስ፣ ጆሮን የሚያፍን፣ የሚያስጮኽና መስማትን የሚቀንስ ከሆነ፣ ፈረንሳዊው ፕሮስፐር ሜኒዬር በ1861 መነሻው ጆሮ መሆኑን ያስረዳበትና በስሙ የሚጠራው የሜኒዬር በሽታ ሊሆን ይችላል። ማይግሬንም ያዞራል፤ ከደቂቃዎች እስከ ሦስት ቀን ሊዘልቅ፣ ራስ ምታት ሳይኖርም ሊመጣ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በድንገት ጀምሮ ለቀናት የማያቋርጥ፣ ከማቅለሽለሽና ከትውከት ጋር አልጋ ላይ የሚጥል ሲሆን ደግሞ የሚዛን ነርቭ ብግነት ይታሰባል፤ ይህኛው በራሱ ጊዜ ይለዝባል።

ከልብና ከደም ዝውውር የሚነሱት ምክንያቶች የሚመሳሰሉት ራስን ለመሳት በመቃረብ ስሜት ነው። ከተቀመጡበት ወይም ከተኙበት ሲነሱ ዓይን የሚጨልም ከሆነ የደም ግፊት ይለካል፤ በመጀመሪያ ተኝተው፣ ቀጥሎ ቆመው እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ውሃ ሳይጠጡ መዋል፣ ተቅማጥ፣ የግፊት መድኃኒት መብዛትና የቆየ የስኳር ሕመም ይህን ያስከትላሉ። በሰሙነ ሕማማት ጾመው ሲሰግዱ የሚዞርባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በፈሳሽ እጥረት፣ ሌሎቹ በጆሮ ጠጠር የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ቀና ሲሉ፣ ሁለተኛው ገና ሲያጎነብሱ ይጀምራል። የልብ ምት መዛባትም ሳይታሰብ ራስን ሊያስት ስለሚችል፣ በተለይ ከደረት ሕመም ወይም ከልብ ድው ድው ማለት ጋር ሲመጣ የልብ ምርመራ አይታለፍም።

ጥቂት ምልክቶች ግን ለነገ አይባሉም። ከማዞሩ ጋር አፍ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ወገን ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ሳይደገፍ መቆም ካቃተው ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ምርመራ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሐኪሙ ሕመምተኛው አፍንጫውን እንዲያይ ያደርግና ራሱን በፍጥነት በትንሹ ወደ ጎን ያዞረዋል። ሚዛኑ የተጎዳው በጆሮ ከሆነ ዓይን ከራስ ጋር ይሄድና ዘሎ ይመለሳል። ለሰዓታት ባልተቋረጠ ማዞር መካከል ዓይን ሳይናወጥ አፍንጫው ላይ ከቀረ፣ ጆሮው ጤነኛ ነውና አንጎል መጠርጠር አለበት። ጤነኛ የሚመስለው ውጤት የበለጠ የሚያሰጋበት እንዲህ ያለ ምርመራ ጥቂት ነው። ሲቲ ስካን በአንጎል ግንድና በትንሹ አንጎል የሚደርሰውን የደም መቋረጥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ ሳያሳይ ያልፋል፤ ኤምአርአይ የተሻለ ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ትንሹን ስትሮክ ሊያልፍ ይችላል። “ሲቲው ንጹሕ ነው” ተብሎ ብቻ መረጋጋት አይገባም።

ለጠጠሮቹ የሚደረገው ምርመራ ከአልጋ በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ በ1952 ለንደን ላይ ባሳተሙት ዘዴ፣ ሕመምተኛው ራሱን 45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን አዙሮ በፍጥነት ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ራሱም ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። የታመመው ጆሮ በታች ከሆነ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዓይን እየተሽከረከረ መወራጨት ይጀምራል። ይህ ከታየ ሲቲም ሆነ ኤምአርአይ ማንሣት አያስፈልግም። ሳይሞከር ቀርቶ ሕመምተኛው በቀጥታ ለውድ ምርመራ ሲላክ ግን ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል።

ምክንያቱ ካልተለየ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም መሄድ ይገባል። የመስማት ምርመራ ቀዳሚው ነው። የዓይንን እንቅስቃሴ በጨለማ የሚቀርጽ ካሜራ ያለው መነጽር፣ የባራኒ የውሃ ምርመራና የራስን ፈጣን ዞር ማለት የሚለካ መሣሪያ ባለባቸው ተቋማት ቀጥለው ይሠራሉ። ለእነዚህ የሚዘጋጅ ሰው ሐኪሙ በፈቀደው መጠን የማዞር ማስታገሻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ያቆማል፤ አልኮል አይጠጣም፣ ኩል አይኳልም፣ ብዙ አይበላም፣ የሚያደርሰው ሰውም ይዞ ይሄዳል። የግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ አይቆምም። ማዞሩ የመጣበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ጊዜና አስቀድሞ ይደረግ የነበረውን በወረቀት ጽፎ ማምጣት ለሐኪሙ ከብዙ መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጠጠር የገባበት ጆሮ የሚታከመው በእንቅስቃሴ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኤፕሊ ያወጣው ዘዴ ራስን ደረጃ በደረጃ እያዞረ ጠጠሮቹን ከቱቦው አውጥቶ ወደ ከረጢቱ ይመልሳል፤ እያንዳንዱ አቀማመጥ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ብዙዎች ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ተደርጎላቸው ይድናሉ፤ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ቢመለስም ያው ዘዴ ይደገማል። ክኒን ጠጠር አይመልስም። ማስታገሻዎች ከባዱን ማዞርና ትውከት ለጥቂት ቀናት ለማለዘብ ይረዳሉ፤ ሲቆዩ ግን አንጎል ከጉዳቱ ጋር መላመዱን ያዘገዩበታል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሲናሪዚን ለወራት ሲወሰድ፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል።

የሚዛን ነርቭ በተጎዳ ጊዜ ዋናው ሕክምና ልምምድ ነው። በ1940ዎቹ እንግሊዛውያኑ ካውቶርንና ኩክሲ ያዘጋጁት ሥርዓት ዓይንን፣ ቀጥሎ ራስን፣ በመጨረሻም መላ ሰውነትን ማዞሩን እየጠሩ እንጂ እየሸሹ ሳይሆን ያለማምዳል፤ አንጎልም በጎደለው መረጃ ፈንታ የቀረውን መጠቀም ይማራል። ማዞሩን ፈርቶ ራሱን ሳያንቀሳቅስ የሚቀመጥ ሰው የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። ልምምዱ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጄንታማይሲን፣ ወይም ለብዙ ዓመታት ሳንባ ነቀርሳ ይታከምበት የነበረው ስትሬፕቶማይሲን፣ ሁለቱንም ጆሮ ለጎዳባቸው ሕሙማን ነው። እነዚህ አይሽከረከሩም፤ ሲራመዱ የሚያዩት ሁሉ ይዘልባቸዋል፣ በጨለማና ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ይንገዳገዳሉ። በሌሊት መብራት ሳያጠፉ መተኛት፣ ምርኩዝ መያዝና ብቻቸውን ከመዋኘት መቆጠብ አለባቸው፤ በውሃ ውስጥ ዓይንም እግርም ሳይረዳቸው ሲቀር ወደ ላይ የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ መለየት ይሳናቸዋል።