የቀጨኔ የሌሊት ፅዳት ሠራተኞች

ለቀጨኔ ነዋሪ የጅብ ጩኸት እንግዳ አይደለም። ሠፈሩ የእንጦጦ ጫካ ግርጌ ስለሆነ፣ ሲመሽ ጅቦች የወንዙን ዳር ይዘው ወደ መንደር ይወርዳሉ። በበዓል ማግስት በየቦዩ የተጣለውን ሆድ ዕቃና አጥንት የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ቀን ቀን ተራው የጥንብ አንሳ፣ የጭልፊትና የቁራ ነው። ስማቸውን ለስድብ እንጠቀምበታለን፤ ውለታቸውን ግን አንቆጥርም።

ጥንብ በልቶ ጤነኛ

የበሰበሰ ሥጋ እኛን አልጋ ላይ ይጥለናል። የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ ግን እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ አብዛኛውን ተሕዋስ ይገድላል። መላጣ ራሱም ሲበላ ብዙ እንዳይቆሽሽ ይረዳዋል። ጅብ በበኩሉ አጥንት ሰባብሮ ይፈጫል፤ ኩሱ የሚነጣውም ከአጥንቱ በሚያገኘው ካልሲየም ነው።

ጅብ ግን ጎበዝ አዳኝም ነው። የጀርባ አጥንት ካላቸው የየብስ እንስሳት መካከል በጥንብ ብቻ የሚኖሩት ጥንብ አንሳዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው፦ በክት የት እንደሚገኝ አይታወቅም፤ በእግር ሲፈልጉት ጉልበት ይጨርሳል። ጥንብ አንሳ ግን ወደ ላይ በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ክንፉን ዘርግቶ፣ ብዙ ሳይደክም ሰፊ አገር ይቃኛል።

ውለታው በቁጥር

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ በመቀሌና አካባቢዋ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል በክት ያነሣሉ። ተመራማሪዎቹ ይህ በየዓመቱ 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን ከአባ ሰንጋና ከከብት ቲቢ እንደሚያድን ገምተዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ሕንድ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች በጅምላ አለቁ። ገዳዩ እኛም ለወገብ ሕመም የምንወስደው ዲክሎፌናክ ነበር፤ መድኃኒቱ የተሰጠውን ከብት በክት ሲበሉ ኩላሊታቸው ይበላሻል። በክቱ ሲተርፍ ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ ጨመረ። መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

በከተማችን የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ እሱንም ይገድለዋል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ጅብ ለሰው፣ በተለይ ለሕፃናት፣ አደገኛ መሆኑን አንዘንጋ።

• ልጆች ከመሸና ከመንጋቱ በፊት ብቻቸውን አይውጡ።
• የእርድ ተረፈ ምርት በደንብ ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ እንጂ ደጃፍ ላይ አይጣል።
• ውሻዎን በየጊዜው ያስከትቡ።
• መርዝ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ጎረቤትም ሲጠቀም ካዩ ይምከሩ።