ጌሾና ብቅል በይፋት ቆላ

በማጀቴ ጠላ ጠምቃ ለመሸጥ የምትነሣ ሴት የመጀመሪያ ወጪዋ ጋን፥ እንስራና ማገዶ ነው፤ የመጀመሪያ ኪሣራዋ ግን ከሱቅ በገዛችው ብቅልና ጌሾ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የእርስዋ ጉዳይ የባለሱቁም ጉዳይ ነው፤ በዱቤ ወስዳ ከሆነማ ይበልጡን የእርሱ ነው።

የአጠማመቁ ሥርዐት በየቤቱ ጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ተበጥብጦ 2 ወይም 3 ቀን ሲቀመጥ ጥንስስ ይባላል። ቀጥሎ ብቅልና የተቈረሰ ቂጣ ይጨመርበታል። ከዚያም ተቈልቶ የተፈጨው እህል በውኃ ርሶ በምጣድ ይታመስና እንኩሮ ይሆናል፤ እርሱም ከጌሾው እንጨት ጋር ሲገባ ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ተሞልቶ ጋኑ በሚገባ ይከደናል።

በቆላው እንኩሮው ከማሽላ ቢሠራ ወጪውን ያቃልላል፤ እህሉ ከደጅ ይገኛልና። ብቅሉን ግን በማሽላ ብቻ መተካት አይመከርም። የማሽላ ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ለመለወጥ ያለው ኀይል ከገብስ ብቅል ያንሳል፤ ስኳሩ ካነሰ እርሾው የሚሠራበት የለም፥ ጠላውም ቅራሪ ይመስላል። የገብሱ ብቅል ከመንዝና ከተጉለት ደጋ ሊመጣ የሚችል ሲሆን፥ በመንገድ ወይም በመጋዘን እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። የሻገተውን ቈልቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር፥ ከሻጋታ የሚመጣው መርዝ በምጣድ ሙቀት እንደማይጠፋ ይወቅ።

ጌሾ ለጠላ የሚሰጠው አገልግሎት ሆፕስ ለቢራ ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል፤ መራራ ጣዕም ይሰጣል፥ የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ይገታል። ቅጠሉና እንጨቱ የሚገቡበት ጊዜ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ጆንያ ቀላቅሎ መሸጥ ገዢዋን ማጉላላት ነው። በጥላ የደረቀ ቅጠል አረንጓዴነቱን ይይዛል፤ ጥቂት አኝኮ መራራነቱን መቅመስም ከሻጩ ምስክርነት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በቆላ የሚያስፈልገው በሙቀቱ ምክንያት ነው። የተከፈተ ጠላ አየር ሲያገኘው ወደ ኮምጣጣነት ይለወጣል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ጀማሪዋ በአንድ ጋን ብትጀምርና በጥቂት ቀን ሸጣ ብትጨርስ ይሻላታል። ሦስት ጋን ጠምቃ ሁለቱ ከኮመጠጡባት ለከብት ከሚሰጠው አተላ በቀር የሚተርፋት አይኖርም።

አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ሐበሻ ቢራም በ2007 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ለገበያ ወጥቷል። ሆኖም የጋኑ ጠላ ከድግስና ከማኅበር አልቀረም። ለቆላው ባለሱቅ ደግሞ ሌላ ገበያ አለ፤ ጠላ በማይጠጡ እስላሞች ቤት ከተቈላ ገብስና ከስኳር የሚዘጋጀው ቀሪቦ ጌሾ የለበትም፤ ገብሱ ግን ከዚያው ሱቅ ሊገዛ ይችላል።

ወደ ውጭ ለሚልኩም ነጋዴዎች ጌሾ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያውያን መደብሮች ደርቆ ይሸጣል፤ ገዢዎቹም ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይተው የሚጠይቁ ናቸው።