ለምድረ በዳ ከተማ የተዘረጋ የነዳጅ መሥመር

በአሜሪካ አገር በሞሃቪ ምድረ በዳ መካከል የተቀመጠችው የላስ ቬጋስ ከተማ፣ በዓመት የሚወርድላት ዝናም 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከነአካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተሸክማ በየዓመቱ 40 ሚሊዮን የሚያህል እንግዳ ትቀበላለች። የምትጠጣው ውኃ ከኮሎራዶ ወንዝ በሰው ጥበብ ተስቦ እንደሚመጣ ብዙ ሰው ያውቃል፤ አውቶቡሱንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከየት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በከተማይቱ ዙሪያ አንድም የነዳጅ ማጣሪያ የለም። ስለዚህ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩት በርካታ ወገኖቻችን ጭምር በየማለዳው ከማደያ የሚቀዱት ቤንዚን፣ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ተራራና በረሃ አቋርጦ በምድር ውስጥ የተጓዘ ነው።

ይህን አገልግሎት ለረጅም ዘመን ብቻውን የተሸከመው ካልኔቭ የሚባለው መሥመር ሲሆን፣ በካሊፎርንያ ከምትገኘው ከኮልተን ተነሥቶ በካሆን ሸለቆ ከ1,200 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ከወጣ በኋላ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላስ ቬጋስ ይደርሳል። ጎን ለጎን የተቀበሩ ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ የአንደኛው ስፋት 8፣ የሁለተኛው 14 ኢንች ነው። አንባቢን ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በአንዱ ቱቦ ውስጥ ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ በየተራ መከታተላቸው፣ በመካከላቸውም የሚለያቸው ግድግዳ አለመኖሩ ነው። ፈሳሹ ሰው በእግሩ ከሚሄድበት እጅግ በማይበልጥ ፍጥነት በግፊት እየተነዳ ሲመጣ፣ ተቆጣጣሪዎቹ በክብደቱ መለዋወጥ የአንዱን መጨረሻና የሌላውን መጀመሪያ ይለያሉ፤ ድንበር ላይ የተቀላቀለውን ጥቂት ክፍልም ለብቻው ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ አውጥተው እንደገና እንዲጣራ ይልኩታል።

እንዲህ ያለው ሥራ ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ጥንቃቄው ሊዘነጋ ይችላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ግንቦት 12 ቀን፣ ትሮና የተባለ ማዕድን የጫነ ባቡር፣ የጭነቱ ክብደት ከእውነተኛው አንሶ ስለ ተገመተ ፍሬኑ ሊይዘው አልቻለምና፣ የካሆንን ቁልቁለት በኃይል ወርዶ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ከሐዲዱ ወጣና በመኖሪያ ቤቶች ላይ ተገለበጠ፤ አራት ሰዎችም ሞቱ። የነዳጁ ቱቦ ከዚያው ከሐዲዱ አጠገብ ተቀብሮ ነበርና ተመርምሮ ደኅና ነው ተባለ፤ ነዳጅም እንደገና ይተላለፍበት ጀመር። ከ13 ቀን በኋላ ግን ቱቦው ፈነዳ፤ ወደ ሰማይ የተረጨውም ቤንዚን እሳት ተያያዘና ሁለት ሰዎች ሲሞቱ 11 ቤቶች ተቃጠሉ። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ የባቡሩን ስብርባሪና አፈሩን ለማንሣት የተሰማሩት መኪናዎች የቱቦውን ግድግዳ ጎድተውት ኖሯል። ያንን ቱቦ ገልጦ ዳር እስከ ዳር ለማየት የሚያስፈልገው ድካም ከጠፋው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ ስለዚህ ነገሩን ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያስታውሰው ሰው ኀዘኑ ጽኑ ነው።

ከተማይቱም እያደገች ስትሄድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መታመን የማይበቃ ሆነና፣ ከሰሜን በኩል ሁለተኛ መሥመር ታሰበ። ዩኔቭ ተብሎ የተሰየመው ይህ መሥመር በዩታ ከሶልት ሌክ ከተማ አጠገብ ካሉት ማጣሪያዎች ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ፣ ስፋቱ 12 ኢንች የሆነ፣ በቀን 62,000 በርሜል ለማስተላለፍ የታቀደ ነው። አንድ ቦቴ በዚያ አገር መንገድ 200 በርሜል ያህል ስለሚጭን፣ ይህን ነዳጅ በመኪና ለማመላለስ በየቀኑ ከ300 ያላነሱ ቦቴዎች ባስፈለጉ ነበር። ከጅቡቲ ወደ አገራችን የሚጎርፉትን ቦቴዎች በአፋር በረሃ ያየ ሰው የዚህን ቁጥር ትርጉም ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቱቦ ለመዘርጋት በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው ስምምነት ግን እስካሁን ከወረቀት አላለፈም።

እንዲህ ያለ ቱቦ የሚዘረጋበት ሥርዓት ይህ ነው፦ ቀድሞ የላይኛው አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመራል፤ በበረሃ ለዘር የሚሆነው ሕይወት ያለው በዚያ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነውና። ከዚያ ቦይ ይቆፈራል፤ ቱቦዎቹ እንደ መሬቱ አቀማመጥ እየታጠፉ ይበየዳሉ፤ ብየዳው በራጅ ይመረመራል፤ ቱቦው ዝገት እንዳይበላው በልባስ ተሸፍኖ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጠብቀው ይደረጋል፤ ነዳጅ ከመግባቱም በፊት ውኃ ተሞልቶ በከባድ ግፊት ይፈተናል።

በሞሃቪ በረሃ ግን ሌላ ባለቤት አለ። የበረሃዋ ኤሊ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የምትጠበቅ ፍጥረት ናትና፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ከሠራተኞቹ ፊት ፊት እየሄደ ጉድጓዷን ይፈልጋል፤ ሹፌሩም ቆሞ የነበረውን መኪና ከማንቀሳቀሱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጥላ ፍለጋ ከጎማው ሥር ገብታ እንደሆነ ያያል። እርሷን እንደ ድንጋይ ብድግ አድርጎ ከመንገድ ማራቅ አይገባም፤ ስትደነግጥ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውኃ ታፈስሰዋለችና፣ ዝናም በሌለበት ወራት ይህ ሞት ሊያመጣባት ይችላል። ይህን ሁሉ ከንቱ ወጪ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ለአንዲት ኤሊ ጎንበስ ማለትን የለመደ ሠራተኛ በብየዳው ላይም ዓይኑን የሚገልጥ ይመስለኛል።

የዩኔቭ መሥመር ሥራ ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሲሆነው፣ በየካቲት 2023 (እ.ኤ.አ.) በሎንግ ቢች አቅራቢያ ባለ የነዳጅ ማስተላለፊያ ጣቢያ መፍሰስ ታየና ወደ ላስ ቬጋስ የሚወስደው የካሊፎርንያ መሥመር ተዘጋ። አደጋው በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ የኔቫዳ አገረ ገዥ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጣ፤ በማደያዎቹም ሰልፍ ተሰለፈ። የሰሜኑ ቱቦ ከደቡቡ አቅም ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ የጎደለውን ሁሉ ሊሞላ አይችልም ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስፈልገው በከተማይቱ ዳር ለብዙ ቀን የሚበቃ ማጠራቀሚያ ነው። በዚያን ጊዜ ግን መሥመሩ ተጠግኖ በሁለት ቀን ገደማ ነዳጁ እንደገና ይፈስ ጀመር።